ሕንፃው ፈርሶ ወንበሩ እንዴት ገበያ ላይ ቀረ?

ጀርመናዊው አርክቴክት ሚስ ፋን ደር ሮሄ እ.ኤ.አ. በ1929 ለባርሴሎና ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የአገሩን ማሳያ ሕንፃ ሲሠራ፣ ለስፔን ንጉሥ አቀባበል የሚሆን ወንበርም ከሊሊ ራይክ ጋር ነድፎ ነበር። ሕንፃው ዓመት ሳይሞላው ፈረሰ። ዛሬ በቦታው ላይ የሚታየው በ1986 እንደገና የተሠራው ነው። ወንበሩ ግን ኖል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የማምረት መብቱን በ1953 ካገኘ ወዲህ እስከ አሁን ይሸጣል። ለሕንፃ ንድፍ የሚከፈለው አንድ ጊዜ ሲሆን፣ በፈቃድ የሚመረት ወንበር ግን በተሸጠ ቁጥር ለባለመብቱ ድርሻ ያስገባል። በዚህ ንግድ ዋናው ሸቀጥ ቆዳውና ብረቱ ሳይሆን ፈቃዱ ነው።

ነገሩ ቀድሞ የገባው ለአርክቴክቶቹ ሳይሆን ለአንድ ነጋዴ ነበር። በ1920ዎቹ አጋማሽ በባውሃውስ ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረው ማርሴል ብሮየር፣ ሐሳቡን ከብስክሌት መሪ ወስዶ ከቱቦላሬ ብረት ወንበር መሥራት ጀመረ። በዚያው ሰሞን ሆላንዳዊው ማርት ስታም የጋዝ ቧንቧ ገጣጥሞ የኋላ እግር የሌለው ወንበር አወጣ። ሚስም ሲቀመጡበት የሚነጥር ዓይነት ሠርቶ በ1927 ፓተንት ጠየቀበት። አንቶን ሎሬንዝ የሚባል ሃንጋሪያዊ ነጋዴ የስታምን መብት በእጁ ካስገባ በኋላ፣ የብሮየርን ተመሳሳይ ወንበር ያመርት የነበረውን ቶኔት ፋብሪካ ከሰሰ። ክርክሩ እስከ ጀርመን ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደርሶ በ1932 ለስታም ተፈረደ።

የፍርዱ ቁም ነገር ያለው ሌላ ቦታ ነው። ፍርድ ቤቱ የጠበቀው ብረቱ የሚታጠፍበትን ዘዴ ሳይሆን የወንበሩን ቀጥተኛ ቅርጽ ነው፤ ቅርጹን እንደ ሥነ ጥበብ ሥራ ቆጠረው። ፓተንት በተወሰኑ ዓመታት ያልቃል፣ የሥነ ጥበብ መብት ግን ባለቤቱ ከሞተ በኋላም ይቀጥላል። ቶኔት ዛሬም ብሮየር በነደፈው ወንበር ላይ የስታምን ባለመብትነት አብሮ ይጠቅሳል። ብሮየር በኋላ በፓሪስ የዩኔስኮን ዋና መሥሪያ ቤት ከነደፉት አንዱ ለመሆን የበቃ ሰው ቢሆንም፣ በዚህ ክርክር ግን ተሸናፊ ነው።

በአውሮፓ ኅብረት ሕግ በሥነ ጥበብ ሥራነት የታወቀ ንድፍ የሚጠበቀው ንድፍ አውጪው ከሞተ በኋላ ለ70 ዓመት ነው። ለ ኮርቡዚዬ የሞተው በ1965 በመሆኑ በስሙ የሚታወቁት ወንበሮች መብት በ2035 ያበቃል ብሎ የሚጠብቅ አምራች ሊኖር ይችላል። ስሌቱ ግን እንዲህ አይደለም። ወንበሮቹን የነደፋቸው ከፒየር ጃነሬና ከሻርሎት ፔሪያን ጋር ነው፤ የጋራ ሥራ ሲሆን ደግሞ የሚቆጠረው መጨረሻ ከሞተው ሰው ነው። ፔሪያን የሞተችው በ1999 ስለሆነ መብቱ እስከ 2069 ይዘልቃል። ለረጅም ጊዜ ስሟ በለ ኮርቡዚዬ ጥላ ሥር የነበረው ሴት፣ ፈቃዱን ለያዘው ለጣሊያኑ ካሲና 34 ዓመት ጨመረችለት ማለት ነው።

ብሪታንያ ለብዙ ጊዜ የኮፒ ወንበር መሸጫ ነበረች። በብዛት የሚመረት የጥበብ ሥራ የሚጠበቀው ለ25 ዓመት ብቻ ስለነበር ነው። ይህ አንቀጽ በ2016 ተሰረዘ፤ ነጋዴዎችም መጋዘናቸውን ባዶ እንዲያደርጉ እስከ ጥር 2017 ጊዜ ተሰጣቸው። በአሜሪካ ደግሞ መገልገያ ዕቃን በቅጂ መብት ማስጠበቅ አስቸጋሪ በመሆኑ፣ ኖል የባርሴሎናን ወንበር ቅርጽ እንደ ንግድ ምልክት አስመዝግቦታል። ኸርማን ሚለር በ2021 ኖልን በ1.8 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛ ዋጋው የፋብሪካ ማሽን ዋጋ ብቻ እንዳልነበረ ግልጽ ነው።

ፈቃድም ፋብሪካም የማይጠይቅ ሌላ ገበያም አለ። ጃነሬ በ1950ዎቹ ለሕንዷ ቻንዲጋር ከተማ ቢሮዎች ከቲክ እንጨት ያሠራቸው ወንበሮች ሲያረጁ በየግቢው ተጥለው፣ መንግሥትም በርካሽ በጨረታ ያስወግዳቸው ነበር። የፈረንሳይ ነጋዴዎች ሰብስበው አሳድሰው በአውሮፓና በአሜሪካ የጨረታ ቤቶች በሺህ በሚቆጠር ዶላር ሸጧቸው። የሕንድ መንግሥት እነዚህ ዕቃዎች እንዳይሸጡና ከአገር እንዳይወጡ ያዘዘው በ2011 ነው፤ በዚያን ጊዜ ብዙዎቹ ባሕር ተሻግረው ነበር። ገዢዎች ዛሬ መጀመሪያ የሚያዩት በእንጨቱ ላይ በቀለም የተጻፈውን የመሥሪያ ቤት ንብረት ቁጥር ነው። ቁጥሩ ካለ ዋጋው ይጨምራል፤ በዚህም ምክንያት ቁጥሩን አስመስሎ መጻፍ ራሱ ሥራ ሆኗል።