በጋምቤላ ገበያ የጆሮ ማዳመጫ አመራረጥ፤ ድምፅ፣ ምቾትና ዋጋ

ጋምቤላ ከንግድ ጋር የተዋወቀችው ዛሬ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1902 በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተደረገው ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ተቋቁሞ፣ ክረምት ወንዙ ሲሞላ ከካርቱም የሚመጡ የእንፋሎት መርከቦች ዕቃ እያራገፉ ቡና ይጭኑ ነበር። ወንዙ ከጐደለ መርከብ ስለማይደርስ፣ ነጋዴው የሚያስመጣውን አስቀድሞ አጥንቶ ማዘዝ ነበረበት። ዛሬ ዕቃው ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና ተጉዞ የሚደርስ ቢሆንም፣ ያ ጥንቃቄ አሁንም ያስፈልጋል፤ የማይስማማ ዕቃ ለመመለስ መንገዱ ሩቅ ነውና።

ይህ ሐሳብ ዋጋቸው ከፍ ያለ የጆሮ ማዳመጫዎችን በሚመለከት ይበልጥ ይጸናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ስለዚህ የ400 ዶላር ማዳመጫ ቀረጥና ማጓጓዣ ሳይታሰብ ከ23 ሺህ ብር ገደማ ተነሥቶ ከ40 ሺህ ብር አልፏል።

በዓለም ገበያ ስመ ጥር ከሆኑት ገመድ አልባ ማዳመጫዎች አራቱን እናነጻጽር። ለገበያ በቀረቡ ጊዜ የዜንሃይዘር ሞመንተም 4 ዋጋ 350 ዶላር ገደማ፣ የሶኒ ደብሊውኤች-1000ኤክስኤም5 400 ዶላር ገደማ፣ የቦዝ ኳየትኮምፈርት አልትራ 429 ዶላር፣ የአፕል ኤርፖድስ ማክስ ደግሞ 549 ዶላር ነበር።

በድምፅ ረገድ አራቱም የተመሰገኑ ናቸው። የውጭ ጩኸትንም ያስቀራሉ፤ ይኸውም ትንንሽ ማይክሮፎኖች የውጩን ድምፅ ተቀብለው ተቃራኒ ሞገድ በማውጣት ስለሚያጠፉት ነው። ይህ ዘዴ እንደ ጄኔሬተርና እንደ ቬንቲሌተር ባለው ዝቅተኛና የማያቋርጥ ድምፅ ላይ እጅግ ይሠራል፤ በሰው ንግግር ላይ ግን ኃይሉ ያንሳል። ደግሞም የአፕሉ ማዳመጫ ከራሱ ከአፕል ስልክ ጋር እንዲስማማ የተሠራ ስለሆነ፣ አንድሮይድ ስልክ የያዘ ሰው ከፍሎባቸው የማይጠቀምባቸው አገልግሎቶች ይኖራሉ።

ምቾትን በሚመለከት ግን የጋምቤላ ሚዛን ከደጋው ሚዛን ይለያል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቈላ በመሆኗ፣ በበጋው መጨረሻ ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል። ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን፣ ቆዳ መሰል ልባስ ያለው ትራስ በዚህ አየር ቶሎ ያልባል። የአፕሉ ትራስ ከጨርቅ የተሠራና በማግኔት ተነቅሎ የሚለወጥ መሆኑ ያስመሰግነዋል፤ ነገር ግን ክብደቱ 385 ግራም ያህል ነው። ሶኒና ቦዝ ከ250 ግራም እምብዛም አያልፉም፤ ዜንሃይዘር 293 ግራም ይመዝናል። በሙቀት ለረጅም ሰዓት ለሚያዳምጥ ሰው ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

መብራት በሚቋረጥበት ስፍራ የባትሪ ዕድሜ የዋጋው አንድ ክፍል ሆኖ መታየት አለበት። ጩኸት ማስቀረቱ ሥራ ላይ እያለ፣ በአምራቾቹ መግለጫ መሠረት፣ አፕል 20 ሰዓት፣ ቦዝ 24 ሰዓት፣ ሶኒ 30 ሰዓት፣ ዜንሃይዘር እስከ 60 ሰዓት ይሠራሉ። የሶኒው ባትሪው ቢያልቅ እንኳ በገመድ ሊያገለግል ይችላል። እንግዲህ ከአራቱ በዋጋ ዝቅተኛ የሆነው በባትሪ የበላይ፣ በዋጋ ከፍተኛ የሆነው ደግሞ በባትሪ የመጨረሻው ሆኖ ይገኛል ማለት ነው።

ስለዚህ ለጋምቤላ ገዢ ከሁሉ አስቀድሞ ዜንሃይዘርን፣ ክብደት ለሚያስቸግረው ደግሞ ሶኒን እንመርጣለን። ሥራው አንድ ቦታ ተቀምጦ ድምፅ መቅዳትና ማረም ለሆነ ሰው ግን ባለገመዱ ኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲኤች-ኤም50ኤክስ ይበቃዋል፤ ዋጋው ከሶኒው ከግማሽ በታች ነው፣ ባትሪ አይሻም፣ ገመዱም ተነቅሎ ይለወጣል።

ነጋዴዎቻችንም አንድ ነገር እንዲያስቡበት እናሳስባለን። የታወቀ ስም የተለጠፈበት አስመሳይ ዕቃ በገበያ አይጠፋም። ዋስትናውን በጽሑፍ የሚሰጥ፣ መለዋወጫ ትራስ በመደብሩ የሚያኖርና ገዢው ከመክፈሉ በፊት አድርጎ እንዲሞክረው የሚፈቅድ ነጋዴ፣ ከአንድ ሽያጭ ትርፍ ይልቅ የሚመለስ ደንበኛ ያገኛል።