የመስከረሙ ምሳ ዕቃ በጥር ገበያ ይሞላል

በመስከረም መባቻ የመርካቶ የፕላስቲክ ዕቃ ሱቆች ደጃፍ በምሳ ዕቃ፣ በውኃ ኮዳና በደብተር ቦርሳ ይጨናነቃል። ነጋዴው ወቅቱን ያውቀዋል፤ ዕቃውን ከቡሄ በፊት አስገብቶ ይጠብቃል። ወላጅ ግን ባዶውን ምሳ ዕቃ ገዝቶ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው ዋናው ወጪ ገና እንዳልተጀመረ የሚገባው። ዕቃው በዓመት አንዴ ይገዛል። ውስጡ የሚቋጠረው ግን በሳምንት 5 ቀን፣ በወር 20 ቀን፣ ለ10 ወራት ያህል ይገዛል።

በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም ጀምሮ የምገባ ፕሮግራም በመኖሩ ጥያቄው በይበልጥ የሚመለከተው ልጆቻቸውን በግል መዋዕለ ሕፃናትና ትምህርት ቤት የሚያስተምሩትን ነው። ከነዚህም መካከል ክፍያውን እንደምንም ከፍለው ምሳው ላይ የሚያጥራቸው ጥቂቶች አይደሉም።

የተገላቢጦሽ የቆመ ካሌንደር

የእህል ገበያው የዓመት ዑደት ለእህል በረንዳ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። የመኸር ጤፍ ከኅዳር ጀምሮ ታጭዶ ይወቃል፤ በጥቁር አፈር ላይ በክረምቱ መውጫ የሚዘራው ሽምብራ ደግሞ በጥርና በየካቲት ይደርሳል። በነዚህ ወራት ገበሬው ለግብር፣ ለዕዳና ለሠርግ ገንዘብ ስለሚያስፈልገው ምርቱን ይዞ ይወጣል፤ ዋጋውም ከሌላው ጊዜ ሻል ይላል። ክረምት ሲገባ ጎተራው ይሳሳል፣ መንገዱ ይጨቀያል፣ ዋጋውም ወደ ሐምሌና ነሐሴ ሽቅብ ይወጣል። የመንገድ መዘጋት ወይም የነዳጅ ዋጋ ይህን ዑደት የሚያዛባበት ዓመት ቢኖርም አቅጣጫው በአብዛኛው ይኸው ነው።

ትምህርት ቤት የሚከፈተው እንግዲህ እህል በሚወደድበት ሰሞን ነው። በዚያው ወር የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የደንብ ልብስና መጻሕፍት አሉ። የዕንቁጣጣሽ ዶሮና የመስቀል ወጪም ይከተላሉ። ወላጁ ኪሱ በሳሳበት ሰዓት በከፍተኛው ዋጋ ገዢ ይሆናል። ብዙው ሰው ታዲያ በኪሎ መግዛቱን ይተውና የዕለት የዕለቱን ከሰፈር ሱቅ በፍሬ ይገዛል። የምሳ ዕቃው ወጪ ሳይታወቅ የሚያብጠው እዚህ ላይ ነው።

ስምንት ኪሎ

ለአንድ የአምስት ዓመት ልጅ ምሳ 40 ግራም ደረቅ ጥራጥሬ፣ ምስርም ይሁን አተር፣ ሽምብራም ይሁን ሽሮ፣ ጥሩ ድርሻ ነው። በ20 የትምህርት ቀናት 800 ግራም ይሆናል። በ10 ወራት 8 ኪሎ። አንድ ኩንታል 12 ልጆችን ዓመቱን ሙሉ ያደርሳል ማለት ነው።

ጥራጥሬ ከክብደቱ አንድ አምስተኛው ወይም ትንሽ በለጥ ያለው ፕሮቲን ስለሆነ 40 ግራሙ 8 ግራም ገደማ ይሰጣል። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በቀን የሚያስፈልገው 20 ግራም አካባቢ ነው። ከእንጀራ ወይም ከዳቦ ጋር ሲበላ ደግሞ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላዋል፤ በእህሉ የሚያንሰው ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል በጥራጥሬው ውስጥ ሞልቶ ይገኛል። ሽሮን ከእንጀራ ጋር ያጋቡት እናቶች ላይሲን የሚል ቃል ሳይሰሙ የደረሱበት ስሌት ነው።

ስምንት ኪሎውን በጥር መግዛት ምን ያህል ያተርፋል? ለስሌት እንዲመች በጥርና በመስከረም መካከል ያለው የኪሎ ልዩነት 20 ብር ነው ቢባል፣ ቁጠባው 160 ብር ብቻ ነው። ለ160 ብር ጆንያ ተሸክሞ መንከራተት አያዋጣም የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። ትልቁ ቁጠባ ያለው ግን በዋጋ ልዩነቱ ላይ አይደለም። ንጋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ የትምህርት ቤቱ መኪና በር ላይ ሊደርስ ሲል፣ ቤት ውስጥ ምን አለ የሚለው ነው። የተፈጨ ሽሮ፣ የተከካ ምስርና የተቆላ ገብስ በጣሳው ውስጥ ያለው ቤት እሱን ይቋጥራል። የሌለው ቤት ልጁን ይዞ በሱቅ በኩል ያልፋል።

የሱቁ ሂሳብ ደግሞ እንዲህ ነው። አሁንም ለስሌት ያህል 20 ግራም የምትመዝን የድንች ቺፕስ በ15 ብር ትሸጣለች ይባል። የኪሎው ዋጋ 750 ብር መሆኑ ነው። አንድ ኪሎ ቺፕስ ለማውጣት አራት ኪሎ ገደማ ጥሬ ድንች ያስፈልጋል፤ ገዢው የዕለቱን የድንች ዋጋ በአራት አባዝቶ ከ750 ብሩ ጋር ያስተያየው። ልዩነቱ ለዘይት፣ ለማሸጊያ፣ ለማጓጓዣና በመካከል ላሉት ሁሉ ትርፍ የሚከፈል ነው። ንግድ ነውና ነውር የለበትም፤ ልጁ ግን ምሳ አልበላም። በቀን 15 ብር በዓመቱ 3,000 ብር ይሆናል። ከ160 ብሩ ጋር መነጻጸር ያለበት ይህ ነው።

ተመልሶ የሚመጣው

የምሳ ዕቃ ውድነት በትክክል የሚታወቀው ማታ ክዳኑ ሲከፈት ነው። 40 ብር የወጣበት ምሳ ግማሹ ተበልቶ ግማሹ ከተመለሰ፣ ልጁ የ20 ብር ምግብ በ40 ብር በላ ማለት ነው። ቤተሰቡ ሳያውቀው ዋጋው እጥፍ ሆኗል። ርካሽ ነው ተብሎ የተቋጠረ፣ ግን በየቀኑ የሚደፋ ምግብ ከውዱ ይልቅ ይወደዳል።

የሚመለስበት ምክንያት ሁልጊዜ ጣዕም አይደለም። ትንሽ ልጅ ክዳኑ ጠበቅ ካለበት ታግሎ ይተወዋል። ሲቋጠር ደህና የነበረ ፍርፍር መረቁን ጠጥቶ ቀትር ላይ ሊጥ ይመስላል። የምሳ ሰዓቱ አጭር ነው፤ ጨዋታም ይጠራል። ከሁሉ የሚከብደው ግን የጎን ዓይን ነው። ሕፃናት ምሳ ዕቃቸውን ጎን ለጎን ሲከፍቱ ማን ምን እንደያዘ ይተያያሉ። የሽሮው ሽታ ያሳቀበት ልጅ ማታ መጥቶ «እማዬ፣ ነገ ኢንዶሚ ቋጥሪልኝ» ቢል አይደንቅም።

ለዚህ መልሱ ገንዘብ መጨመር ሳይሆን መልኩን መለወጥ ነው። ያው ምስር በሳምቡሳ ውስጥ ሲገባ ልጆች ይሻሙበታል። ያው የሽምብራ ዱቄት ለሽምብራ አሳ እንደሚደረገው ተቦክቶ፣ በትንንሹ ተቆርጦና ተጠብሶ ሲቀርብ በእጅ የሚበላ ደረቅ ምሳ ይሆናል። ሽሮውም ወፈር ተደርጎ በእንጀራ ላይ ተቀብቶ፣ ተጠቅልሎና እንደ ጣት ተቆራርጦ ቢቋጠር አይፈስም፣ አይላቆጥም። ጥራጥሬው ያው የጥሩ ጥራጥሬ ነው።

አምስቱ ሰዓታት

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የተዘጋ ምሳ ዕቃ የሚከፈተው 6 ሰዓት ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የበሰለ ምግብ ከማቀዝቀዣ ውጪ ከሁለት ሰዓት በላይ እንዳይቀመጥ፣ ትኩስ የሚበላውም ከ60 ዲግሪ በላይ ሙቀት እንዲኖረው ይመክራል። የአዲስ አበባ ከፍታና ብርድ ጥቂት ያግዛል እንጂ ስሌቱን አይሽረውም። ስለዚህ የሥጋ ወጥ፣ ወተት ያለበት ምግብና ከማታ የተረፈ ሩዝ በተራ ምሳ ዕቃ ሊቋጠሩ አይገባም። በተለይ ሩዝ ከተቀቀለ በኋላ ክፍል ውስጥ ሲያድር ቆይቶ ማሞቅ የማያጠፋው መርዝ ሊፈጠርበት ይችላል።

ሙቀት የሚይዝ ምሳ ዕቃ ያለው ሰው መጀመሪያ የፈላ ውኃ ሞልቶበት ትንሽ አቆይቶ ማፍሰስና ምግቡን ገና እየፈላ መገልበጥ አለበት። ለብ ያለ ምግብ የገባበት ግን ለብ ባለው ሙቀት ተህዋስያን ማራቢያ ይሆናልና ከተራው የባሰ ነው። የሌለው ሰው በደረቁ ይሂድ፤ ዳቦ፣ ደረቅ ፍርፍር፣ ጨጨብሳ፣ ያልተላጠ ቅቅል ዕንቁላል፣ ሙዝ። እንጀራ በመቡካቱ ኮምጣጣ ስለሆነ ከብዙ የበሰለ ምግብ የተሻለ ይቆያል።

ዕንቁላል፣ ጾምና ለውዝ

አንድ ዕንቁላል 6 ግራም ያህል ጥሩ ፕሮቲን አለው። ዋጋውን ግን የሚዘውረው ካሌንደሩ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ለ55 ቀናት ፈላጊው ይቀንሳል፤ ዶሮ ግን ጾም አታውቅምና መጣሏን አታቋርጥም። በዚህ ሰሞን ዋጋው ረገብ ይልና በፋሲካ ዋዜማ ይሰቀላል። በልማድ ከሰባት ዓመት በታች ያለ ሕፃን የመጾም ግዴታ የለበትም፤ ስለዚህ ትንሽ ልጅ ያለው ቤትና የማይጾም ቤተሰብ ሁሉ ገበያው ለሌላው ሲቀዘቅዝ ለእሱ ይሞቅለታል።

በጾመኛ ቤት ለአንድ ልጅ ብቻ ዕንቁላል መቀቀል የማይመቻቸው እናቶች አሉ። ለእነሱ የባቢሌ ለውዝ አለ። ከክብደቱ ሩብ ያህሉ ፕሮቲን ነው፤ ተቆልቶና ተፈጭቶ በዳቦ ላይ ሲቀባ ከጠዋት እስከ ቀትር ያለችግር ይቆያል። ሁለት ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሙሉ ፍሬው ከአምስት ዓመት በታች ያለን ልጅ ሊያንቅ ስለሚችል የተፈጨው ነው የሚሻለው። ሁለተኛው ሻጋታ ነው፤ እርጥበት የነካው ለውዝ ላይ የሚበቅለው ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመርታል፣ መቁላትም ጨርሶ አያጠፋውም። የጠቆረ ወይም የተጨማደደ ፍሬ ተለቅሞ ይጣል። ይህ ለመጋዘን ባለቤቶችም የሚነገር ነው፤ ለውዝን እርጥብ ወለል ላይ የሚከምር ነጋዴ የሚጎዳው ኪሎውን ብቻ አይደለም።

ከምሳው ጎን የሚቀመጠው ነገር ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም የጥራጥሬውን ዋጋ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርገዋል። ቫይታሚን ሲ በጥራጥሬና በጤፍ ውስጥ ያለው አይረን ወደ ደም እንዲገባ ያግዛል። ብርቱካን ሲወደድ ፓፓያ አለ፤ ዘይቱን ደግሞ ክብደት በክብደት ከብርቱካን አራት እጥፍ ገደማ ቫይታሚን ሲ ይዞ ብዙ ጊዜ ማንም ዞር ብሎ ሳያየው በየጉልቱ ይደረደራል። በአንጻሩ ብዙ ቤት በፔርሙስ የሚላከው ሻይ አይረኑን አስሮ ያስቀረዋል። ሻዩ በውኃ ቢተካ ወጪም ይቀንሳል። ለስላሳውማ ሌላ ነው። በ300 ሚሊ ሊትር ኮላ ውስጥ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ባስቀመጠው ጣሪያ መሠረት በዚህ ዕድሜ ላለ ልጅ የቀኑ ጠቅላላ ድርሻ 35 ግራም አካባቢ ነው።

ለነጋዴው ያለው ቦታ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ሩዝ፣ የምግብ ዘይትና የማሸጊያ ጥሬ ዕቃ በብር ሲተመን ጫናው ጨምሯል። ብስኩትና የታሸገ ጁስ እዚሁ ቢመረቱም ከዚህ ጫና አያመልጡም። ሽምብራ፣ ገብስ፣ ለውዝና የአርባ ምንጭ ሙዝ ግን ዶላር የሚነካቸው በነዳጅና በማዳበሪያ በኩል ዞሮ ነው። ይህ ልዩነት ለአገር ውስጥ እህል ዕድል ነው፤ እስካሁን የተጠቀመበት ግን ጥቂት ነው።

ክፍተቱ ያለው በአቀራረብ ላይ ነው። ብስኩቱ ሱቁ መደርደሪያ ላይ ለልጅ እጅ በምትሆን መጠን ታሽጎ ይጠብቃል። ቆሎው በብርጭቆ ተሰፍሮ በጋዜጣ ይጠቀለላል። ሽሮው ለቤት ሙሉ እንጂ ለአንድ ምሳ ተብሎ አይዘጋጅም። በጥር ሽምብራ ገዝቶ፣ በበጋው ፀሐይ አድርቆና አስከክቶ፣ ነሐሴ ላይ ለአንድ ሳምንት ምሳ በሚሆን 200 ግራም ከረጢት የሚያወጣ ሰው ከኩንታሉ 500 ከረጢት ይቆጥራል። ክኩ ሲነፋና ገለባው ሲወጣ ጥቂት እንደሚጎድል፣ ሰባት ወር ለተኛው ገንዘቡም ወለድ እንዳለበት ማስላት አለበት። ትልቁ ጠላቱ ነቀዝ ነው፤ አየር የማያስገባ ከረጢት ያልገዛ ሰው ትርፉን ከነቀዝ ጋር ይካፈላል።

ይህን ነጋዴ እስኪያገኙ ድረስ እናቶች በእጃቸው ያለ መንገድ አላቸው። የአንድ ክፍል ልጆች ወላጆች ዕቁብ በሚጥሉበት ልማድ ጥር ላይ አዋጥተው አንድ ኩንታል ቢያነሱ የጅምላ ዋጋ ያገኛሉ፤ ለደላላውም ቢሆን አንድ ኩንታል የሚገዛ ሰው ስምንት ኪሎ ከሚጠይቅ ይሻለዋል። 12 ቤት ሲካፈለው ለያንዳንዱ 8 ኪሎ ደርሶ 4 ኪሎ ይተርፋል። እሱም ለወፍጮ ቤቱ ክፍያ ማካካሻ ይሆናል።