ለሕፃናት ኃይል የሚሰጥ ሾርባ እንዴት ይሠራል?

ከላሊበላ ከተማ እስከ ነአኩቶ ለአብ ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዋሻው ውስጥ ከጣራው ጠብ ጠብ የሚለው ውሃ በድንጋይ ገበታ ላይ ይጠራቀማል፤ ጠበል ነው። ይህን እናንተ ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ። እኔ የቆቦ ልጅ ነኝ፤ ወደዚህ የመጣሁት ፊደል ላስቆጥር ነው። ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ ፊደል አይደለም፤ ስለ ድስት ነው።

ባረፍኩበት ቤት አንድ ዓመት ተኩል የሆናት ሕፃን አለች። ባለፈው ሰሞን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መጥታ ክንዷን በቀለማሙ ሜትር ለካቻት። ሜትሩ ሦስት ቀለም አለው። አረንጓዴው ደህና ነው፤ ቢጫው ተጠንቀቁ ይላል፤ ቀዩ፣ ማለት ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች፣ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱ ማለት ነው። የሕፃኗ ክንድ ቢጫው ላይ አረፈ። እናቲቱ ደነገጡ።

«ኧረ ልጄ! ከጠዋት እስከ ማታ አጠጣታለሁ እኮ። ጡትም አልከለከልኳትም። ታዲያ ምን ጎድሎባት ነው?» አሉኝ።

ጥያቄው ትክክል ነው። ልጅቷ አልተራበችም፤ ሆዷ ሙሉ ነው። ነገር ግን ሆዷን የሞላው ምንድን ነው? አጥሚቱን አየሁት። ቀጭን ነው፤ ከማንኪያው ላይ እንደ ውሃ ይፈሳል። የዚህች ሕፃን ሆድ አንድ ብርጭቆ ቢይዝ ነው። ብርጭቆው በቀጭን አጥሚት ከተሞላ፣ አብዛኛው ውሃ ነው፤ ትንሽ ዱቄት ብቻ አለበት። ልጅቷ ጠግባ ትተኛለች፤ ሰውነቷ ግን የሚሠራበት ነገር አላገኘም።

ሕፃን እስከ ስድስት ወር ድረስ የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል፤ ውሃም አያስፈልገውም። ከስድስት ወር በኋላ ግን ጡት ብቻውን አይበቃም። ጡቱ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል፤ ከሥሩ ወፈር ያለ ምግብ ይጨመራል። በእነዚህ ጊዜያት ምግብ ያነሰው ልጅ ይቀነጭራል። ቁመቱ ያጥራል፤ በሽታም ቶሎ ያጠቃዋል፤ ትምህርትም ይከብደዋል። በ2008 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ጥናት፣ በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ 100 ሕፃናት 46ቱ የቀነጨሩ ነበሩ። በጎረቤታችን በሰቆጣ ስም በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት ቃል የገባው ስለዚሁ ነው። ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር በ2030 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ለማስቀረት ነው። ቃሉ የተገባው በትልቅ ስብሰባ ነው፤ ሥራው ግን ያለው እምድጃችን አጠገብ ነው።

ሾርባው እንዲህ ይሠራል። ለአንድ ልጅ፣ ለአንድ ጊዜ፦ ሦስት የሾርባ ማንኪያ የገብስ ቅንጨ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የምስር ክክ፣ አንድ ትንሽ ድንች፣ አንድ እፍኝ ለጋ ጎመን፣ ከተገኘ አንድ እንቁላል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቅቤ ወይም ዘይት።

ለምን ሦስት ለአንድ? እህል ብቻውን የሚጎድለው ነገር አለ፤ ጥራጥሬ ያንን ይሞላለታል። ጥራጥሬም የሚጎድለውን ከእህል ያገኛል። ሁለቱ እንደ ጥማድ በሬ ናቸው። ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ፋፋም በዚሁ መንገድ የተሠራ ነው። በ1950ዎቹ በስዊድን እርዳታ የሕፃናት ምግብ ጥናት በአገራችን ሲጀመር፣ እህልና ጥራጥሬ ከወተት ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ ፋፋ ተባለ። እኛ ፋብሪካ የለንም፤ ገብስና ምስር ግን አለን። ምስር ከሌለ የአተር ወይም የባቄላ ክክ ይሆናል። ጓያ ግን በፍጹም አይሆንም! ጓያ እግር ይሰብራል። በ1980ዎቹ ማብቂያ ደላንታና ዳውንት ላይ ከድርቁ በኋላ ብዙ ሰው በጓያ እግሩን አጥቷል።

ቅንጨውንና ምስሩን ከማታው በንጹሕ ውሃ ዘፍዝፉ። ጠዋት የተዘፈዘፈበትን ውሃ ድፉትና አለቅልቁ። ከዚያ በሁለት ብርጭቆ ውሃ ጣዱት።

እዚህ ላይ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ቀን ሳልዘፈዝፍ ጣድኩት፤ እንደ ቆቦ በቶሎ ይበስላል ብዬ። ባወጣው ገብሱ እንደ ጠጠር ነው። አያትየው ሳቁብኝ፤ «የቆላ ሰው!» አሉ። ነገሩ ቀልድ ብቻ አይደለም። አገሩ ከፍ ባለ ቁጥር ውሃ በአነሰ ሙቀት ይፈላል። በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በእናንተ አገር በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ይፈላል እንጂ ሙቀቱ ያንሳል፤ ስለዚህ ጥራጥሬ ለመብሰል ይዘገያል። ማገዶ ለመቆጠብ መፍትሔው መዘፍዘፍና ድስቱን መክደን ነው። ውሃው ካነሰ የፈላ ውሃ ጨምሩበት።

ምስሩ በጣት ሲፈጩት የሚልም ሲሆን፣ ድንቹን አድቅቃችሁ ክተቱ። አያትየው «ምስር የሕፃን ሆድ ይነፋል» ብለው ነበር። ያልበሰለ ምስር እውነትም ይነፋል። ስለዚህ ክኩን ተጠቀሙ፣ በደንብ አብስሉ፣ መጀመሪያ ትንሽ ብቻ ስጡና ልጁን አልምዱት።

ጎመኑ መጨረሻ ላይ ይገባል፤ ብዙ ከተቀቀለ ጥቅሙ ያልቃል። ደቀቅ አድርጋችሁ ክተፉት። ጎመን፣ ካሮትና ቢጫ ዱባ ልጅን ከዳፍንት ይጠብቃሉ፤ ይህ ጥቅማቸው ግን ወደ ሰውነት የሚገባው ቅቤ ወይም ዘይት ሲኖር ነው። ስለዚህ ያቺ አንድ ማንኪያ ቅቤ ለጣዕም ብቻ አይደለችም። እንቁላሉን መትታችሁ አፍስሱበት፤ እስኪረጋ ይፍላ። ከእሳት ካወረዳችሁ በኋላ አዮዲን ያለው ጨው ቆንጠር አድርጉበት፤ እንቅርት ይከላከላል። በርበሬ አይገባም። በማንኪያ ዳምጡት። ማንኪያውን ስታዘነብሉት ቶሎ የማይፈስ ከሆነ ውፍረቱ ልክ ነው።

የዓመት ተኩል ልጅ በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይብላ፤ በአንድ ጊዜ አንድ ብርጭቆ ያህል። እጃችሁንና እጁን በሳሙና ታጠቡ፤ ሳሙና ከሌለ አመድ ይሆናል። የተረፈውን አታሳድሩ፤ ታላቁ ይብላው። ልጁ ተቅማጥ ቢይዘውም ምግብ አትከልክሉት።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። እናቲቱ ሾርባውን ወደዱት። «ግን ረቡዕና ዓርብ? ሁዳዴስ? እንቁላል በዚህ ድስት ከሠራሁ ዕቃዬን ፍስክ ነካው ማለት ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው። ልጇን የምትነፍግ እናት አይደሉም፤ አንድ ድስት ያላቸው እናት ናቸው። ከሰባት ዓመት በታች ያለ ሕፃን የጾም ግዴታ እንደሌለበት የንስሐ አባታቸውም ነግረዋቸዋል። ልጅቷ ግን ከእናቷ ጋር ትጾማለች፤ በድስቱ ምክንያት። በዓመት ውስጥ የጾሙን ቀናት ብትቆጥሩ ግማሽ ዓመት ያህል ይሆናል። ለአዋቂ ጾም ነው፤ ለዓመት ተኩል ልጅ ግን የዕድሜዋ ሲሶ ነው።

እንቁላሉም ሌላ ጉዳይ አለው። ዶሮዎቹ ይጥላሉ፤ እንቁላሉ ግን ቅዳሜ ላሊበላ ገበያ ይወጣል። በገንዘቡ ቡና፣ ጨው፣ አንዳንዴም ለልጅቷ ብስኩት ይገዛል። እንቁላል ሸጦ ብስኩት መግዛት! እኔ ይህን ስናገር አባወራው ዝም ብለው ያዳምጡ ነበር። ቆይተው፣ «ትንሽ ድስት ስንት ይሆናል?» አሉ።

ቅዳሜ አብሬያቸው ወጣሁ። ከአሥሩ እንቁላል ሰባቱን ሸጡ። ቡና ገዙ፤ ከሸክላ ሠሪዎቹ ዘንድ ደግሞ ሁለት ጭልፋ የምትይዝ ድስት መርጠው ገዙ። አያትየው ድስቷን አሟሽተው ከሌላው ዕቃ ለይተው በመደቡ ጫፍ አስቀመጧት። ሰኞ ጠዋት ሾርባውን የሠሩት እናቲቱ ራሳቸው ናቸው፤ ከማታው ዘፍዝፈውት ነበር።