ሕዝብ ሁለቴ ቢጠየቅ ምን አለበት?

እስቲ ከአንድ የሚያስቅ ነገር እንነሣ። (ቀኖቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በየመስመሩ እ.ኤ.አ. እያልኩ እንዳላሰለቻችሁ።) ሜይ 2016 ላይ፣ ብሪታንያ ከአውሮፓ ሕብረት ትውጣ ወይስ ትቆይ የሚለው ሕዝበ ውሳኔ ሊካሄድ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ የ«ትውጣ» ወገን የሆነ አንድ ሰው እንሸነፋለን ብሎ ሰጋና በፓርላማው ድረ ገጽ ላይ አቤቱታ ከፈተ። አሸናፊው 60 በመቶ ካልሞላ፣ ድምፅ የሰጠውም ሕዝብ ከ75 በመቶ ካነሰ፣ ይደገም የሚል ነበር። ያኔ ዞር ብሎ ያየው የለም። ጁን 23 ደረሰ፣ ድምፁ ተቆጠረ፣ «ትውጣ» አሸነፈ። ወዲያው የተሸነፉት «ትቆይ» ባዮች ያቺን አቤቱታ አገኟትና ተረባረቡባት፤ ከ4 ሚሊዮን በላይ ፊርማ ሰበሰበች። የከፈታት ሰውዬ አቤቱታዬን ጠለፉብኝ እስከማለት ደረሰ።

የ«ትውጣ» ዋና አቀንቃኝ ናይጄል ፋራጅም በዚያው በሜይ ወር፣ ውጤቱ 52 ለ48 ሆኖ «ትቆይ» ብታሸንፍ ነገሩ በዚያ አያበቃም ብሎ ነበር። ውጤቱ 51.9 ለ48.1 ሆኖ ቁጭ አለ፤ ግን በተገላቢጦሽ። ከዚያ ወዲያ «አልቋል» የሚሉትና «አላለቀም» የሚሉት ወንበር ተለዋወጡ።

አያችሁ፣ «ይደገም» የሚለው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ከተሸናፊ አፍ ነው የሚወጣው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና «በቃ፣ ሽንፈትን አለመቀበል ነው» ይላል። እኔ ግን አቤት ባዩን ለጊዜው ትተን አቤቱታውን እንመርምረው ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም ውስጡ ሲገባ በጣም ደስ የሚል ነገር አለው።

መጀመሪያ የድምፅ መስጫ ወረቀቱን ቀርበን እንየው። ዩናይትድ ኪንግደም የአውሮፓ ሕብረት አባል ሆና ትቆይ ወይስ ከሕብረቱ ትውጣ የሚል አንድ ጥያቄ፣ ከሥሩ ሁለት መልስ፣ በየመልሱ ትይዩ አንዳንድ ባዶ ሳጥን። መራጩ የሚያደርገው አንዱ ላይ የኤክስ ምልክት ማድረግ ብቻ ነው። ምርጫ ጣቢያው የሚያቀርበው እርሳስ ስለሆነ «መንግሥት በላጲስ ያጠፋብናል» የሚል ወሬ ተነዝቶ፣ እስኪርቢቶ ከቤታችሁ ይዛችሁ ሂዱ የሚል ቅስቀሳ ሁሉ ነበር! 17.4 ሚሊዮን ሰው «ትውጣ» አለ፤ 16.1 ሚሊዮን «ትቆይ» አለ። ለመምረጥ ከተመዘገበው ሕዝብ 72.2 በመቶው ወጥቶ ድምፅ ሰጥቷል፤ ለዚያ አገር ትልቅ ቁጥር ነው።

በነገራችን ላይ፣ ማን ይመርጥ የሚለውም ጉድ ነበረው። የብሪታንያ ዜግነት ያልወሰደ የሎንዶን ሀበሻ ድምፅ አልነበረውም። ጎረቤቱ ኬንያዊ ወይም ናይጄሪያዊ ግን ሕጋዊ ነዋሪ ከሆነ የኮመንዌልዝ አገር ዜጋ ነውና ይመርጣል። ነገሩ ከማንም በላይ የሚነካው ፖላንዳዊ ደግሞ ቤቱ ቁጭ ብሎ ያያል።

ወደ ወረቀቱ እንመለስ። «ትቆይ» የሚለው መልስ ምን እንደሆነ ይታወቃል፤ ያለው ይቀጥላል ማለት ነው። «ትውጣ» ግን ከየት እንደሚወጣ እንጂ ወዴት እንደሚኬድ አይናገርም። እንደ ኖርዌይ ከሕብረቱ ውጭ ሆኖ በጋራ ገበያው ውስጥ መቆየት ይቻላል። እንደ ካናዳ የንግድ ስምምነት ብቻ መፈራረም ይቻላል። ያለ ምንም ስምምነት በሩን ዘግቶ መሄድም ይቻላል። ሦስቱንም የሚፈልጉ ሰዎች አንዲቷ ሳጥን ላይ ምልክት አድርገዋል። ለእኔ የጠቡ ሁሉ ሥር እዚህ ነው።

ጠቅላይ ሚኒስትር ቴሬሳ ሜይ ሁለት ዓመት ያህል ተደራድረው ስምምነታቸውን ሲያመጡ የሆነውን ታስታውሱ ይሆናል። ጃንዋሪ 15 ቀን 2019 ፓርላማው በ432 ለ202 ጣለው። ማርች 12 በ391 ለ242 ደገመው። ማርች 29፣ አገሪቱ ልትወጣበት ቀን በተቆረጠበት ዕለት፣ በ344 ለ286 ሠለሰው። በመሀሉ እንደራሴዎቹ «እንግዲያው እናንተ ምን ትፈልጋላችሁ?» ተብለው ስምንት አማራጭ ቀረበላቸው፤ ስምንቱንም ጣሉ። ከተጣሉት አንዱ ማንኛውም ስምምነት ወደ ሕዝብ ተመልሶ ይጽደቅ የሚለው ነበር። አፕሪል 1 እንደገና ሲቀርብ በ292 ለ280 ወደቀ። ሰባት እንደራሴ ሐሳቡን ቢቀይር ኖሮ ያልፍ ነበር።

አሁን የምወደው ቦታ ደረስን። ቢያልፍስ ኖሮ፣ ወረቀቱ ላይ ምን ይጻፍ ነበር? ጠረጴዛው ላይ ያሉት ሦስት ነገሮች ነበሩ፦ የሜይ ስምምነት፣ ያለ ስምምነት መውጣት፣ መቆየት። ለጨዋታው ያህል ሦስት መራጮች እንውሰድ። አስቴር ከሁሉ በፊት ስምምነቱን ትፈልጋለች፤ እሱ ካልሆነ ያለ ስምምነትም ቢሆን ይወጣ፤ መቆየትን ጭራሽ አትሻም። በቀለ ያለ ስምምነት መውጣትን ያስቀድማል፤ በሜይ ስምምነት በግማሽ ታስሮ ከመኖር ግን መቆየት ይሻላል ይላል። (ይህ የፈጠራ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ የሜይ የብሬግዚት፣ ማለትም ከሕብረቱ የመውጣቱ ጉዳይ፣ ሚኒስትር የነበሩት ዶሚኒክ ራብ ሥልጣን ከለቀቁ በኋላ ስምምነቱ ከመቆየትም ይብሳል ብለዋል።) ጀማል ደግሞ መቆየትን ይመርጣል፣ ካልሆነ ስምምነቱን፣ ያለ ስምምነት መውጣትን ግን በሕልሙም አይፈልግም።

እንግዲህ ሁለት ሁለቱን አጋጥሟቸው። ስምምነቱና ያለ ስምምነት መውጣት ቢጋጠሙ አስቴርና ጀማል ስምምነቱን ይመርጣሉ፤ ስምምነቱ 2 ለ1 ያሸንፋል። ያለ ስምምነት መውጣትና መቆየት ቢጋጠሙ አስቴርና በቀለ ውጡ ይላሉ፤ መውጣት ያሸንፋል። መቆየትና ስምምነቱ ቢጋጠሙስ? በቀለና ጀማል እንቆይ ይላሉ! ክብ ሠራ፤ ሁሉም አንዱን ይጥላል፣ ሁሉም በአንዱ ይጣላል። ሰዎቹ ያው ናቸው፣ ሐሳባቸውም ያው ነው፤ አሸናፊውን የወሰነው የትኞቹ ሁለቱ ወረቀቱ ላይ ወጡ የሚለው ነው። ፈረንሳዊው ሊቅ ኮንዶርሴ ይህን ጉድ በ18ኛው መቶ ዘመን ደርሶበታል። የብሪታንያ ሕዝብ በትክክል እንዲህ ተከፋፍሎ ነበር ማለቴ አይደለም። ነገር ግን «ሕዝቡን እንደገና ጠይቁት» የሚለው መፈክር ሲሰማ ቀላል፣ ሲጻፍ ከባድ የሆነው በዚህ ነው። ጥያቄውን የሚጽፈው ሰው መልሱን ግማሽ ያህል ይዞታል።

ከመቀጠላችን በፊት አንድ የሚያምታታ ነገር እናጥራ። ድምፅ የሚደገመው አሰጣጡ ሲበላሽም ነው። እኛ አገር በፌብሩዋሪ 2023 በደቡብ በተካሄደው የክልል ምሥረታ ሕዝበ ውሳኔ፣ ምርጫ ቦርድ የወላይታ ዞንን ውጤት በተፈጸሙት ጥሰቶች ምክንያት ሰርዞ ጁን ላይ አስደግሞታል። ያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ፈተና ተሰርቆ እንደገና መፈተን ነው። የእኛ ጥያቄ ግን ድምፁ በሥርዓት ተሰጥቶ፣ በሥርዓት ተቆጥሮ ሳለ ይደገም ወይ የሚለው ነው።

ይህን ያደረጉ አገሮች አሉ። ዴንማርክ ጁን 1992 የአውሮፓ ሕብረትን የመሠረተውን የማስትሪክትን ውል 50.7 በመቶ «አይሆንም» አለች። መንግሥቷ ውሉን ይዞ ቁጭ አላለም፤ ኤድንብራ ላይ ተደራድሮ የጋራ ገንዘብን፣ መከላከያን፣ ፍትሕን፣ ዜግነትን በሚመለከት አራት ነገሮች ለዴንማርክ እንዲቀሩላት አስፈቀደ። ሜይ 1993 ሕዝቡ በድጋሚ ተጠየቀና 56.7 በመቶው «ይሁን» አለ። ሁሉም በደስታ አልተቀበለውም፤ በዚያው ሌሊት በኮፐንሃገን ኖርብሮ ሰፈር ረብሻ ተነሥቶ ፖሊስ ሰልፈኞች ላይ እስከመተኮስ ደርሷል።

አየርላንድ ደግሞ ሁለቴ አድርጋዋለች። የሕብረቱን የኒስ ውል በ2001 ስትጥል ድምፅ የሰጠው ከመራጩ 35 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ወደ ግማሽ የሚጠጋው ወጥቶ 63 በመቶ ገደማው አጸደቀው። የሊዝበንን ውል በ2008 በ53.4 በመቶ ጣለች፣ በ2009 በ67.1 በመቶ ተቀበለች። በመሀሉ ስለ ወታደራዊ ገለልተኝነቷ፣ ስለ ግብር፣ ስለ ጽንስ ማቋረጥ ዋስትና ተሰጥቷት ነበር፤ እያንዳንዱ አገር በሕብረቱ ኮሚሽን ውስጥ ወንበሩ እንደሚጠበቅለትም ቃል ተገብቷል። የአውሮፓ ሕብረት ተቺዎች ግን ይህን ሁሉ እያነሱ «ብራስልስ የምትፈልገው መልስ እስኪመጣ ድረስ ሕዝብን ታስመርጣለች» ይላሉ። ሐሜቱ ውስጥ እውነት አለ፤ «ይሁን» የተባለውን ድጋሚ እንጠይቅ ያለ የለምና። ይሁን እንጂ የዴንማርክ ሁለተኛ ጥያቄ ከመጀመሪያው ጋር አንድ አልነበረም፤ አራት ነገር ተቀንሶለታል። የኒስ ግን ይከብደኛል፤ ውሉ ያው ውል ነው፣ የተጨመረው ስለ ወታደራዊ ገለልተኝነት የተሰጠ ዋስትና ነው፤ የተለወጠው በዋናነት የመራጩ ብዛት ነው።

እኔ የምይዘው መስፈርት ይህ ነው። ሁለተኛው ወረቀት ላይ በመጀመሪያው ጊዜ ያልነበረ ነገር ካለ መጠየቁ ተገቢ ነው። ያንኑ ጥያቄ ሕዝቡ ሐሳቡን ቀይሮ ይሆናል ብሎ መድገም ግን አይጥመኝም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ያን ሰሞን በይፋ ይነገር የነበረው «ከ2016 ወዲህ ስንት ሽማግሌ ሞቷል፣ ስንት ወጣት አሥራ ስምንት ሞልቶታል» የሚል ስሌት ነው። በለቅሶ ቤት ድምፅ መቁጠር!

በዚህ መስፈርት የብሪታንያው ጥያቄ ያልፋል? ያልፍ ይመስለኛል፤ በ2016 ያልነበረ፣ ከአምስት መቶ ገጽ በላይ የሆነ ውል በ2019 ጠረጴዛው ላይ ነበር። የአውሮፓ ሕብረት ፍርድ ቤትም ዲሴምበር 2018 ላይ ብሪታንያ ብትፈልግ የመውጫ ማስታወቂያዋን በራሷ ልትስበው ትችላለች ብሎ ስለፈረደ መቆየትም እውነተኛ አማራጭ ነበር። ያልተመቸው ጊዜውና ጠያቂዎቹ ናቸው። የሎንዶን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ባለሙያዎች ሕግ ከማውጣት እስከ ድምፅ መስጫው ቀን ቢያንስ 22 ሳምንት ያስፈልጋል ብለው አስልተው ነበር። በጎዳና ሰልፍ ወጥቶ «የሕዝብ ድምፅ» ይል የነበረው ሰው ደግሞ አብዛኛው «ትቆይ» ባይ መሆኑን የሚያውቁት 17.4 ሚሊዮኖቹ፣ የተጠየቁት ስለ ውሉ ሳይሆን ተሳስታችኋል ለመባል ይመስላቸው ነበር። አይፈረድባቸውም።

ታዲያ መፍትሔው ምን ነበር? ኒውዚላንድን እዩ። የምርጫ ሥርዓቷን ለመለወጥ ስታስብ ሴፕቴምበር 1992 ላይ መጀመሪያ «ይለወጥ ወይ? ከተለወጠስ ከአራቱ የትኛው?» ብላ ጠየቀች። ወደ 85 በመቶ ይለወጥ አለ፤ ከአራቱም ቅይጡ የተመጣጣኝ ውክልና ሥርዓት ተመረጠ። ኖቬምበር 1993 ላይ ያ የተመረጠው ሥርዓት ከነባሩ ጋር ብቻ ለብቻ ተጋጠመና 54 በመቶ ገደማ አግኝቶ ጸደቀ። ከ85 ወደ 54 መውረዱን ልብ አላችሁ? «ለውጥ» የሚለው ቃል የሚስበው ሕዝብና «ይህ ለውጥ» የሚለው የሚስበው ሕዝብ እኩል አይደለም። ሁለቴ ተጠየቅን ብሎ የተቆጣ ግን አልነበረም፤ ሁለተኛው እንደሚመጣ አስቀድሞ ይታወቅ ነበርና። የሚገርመው፣ በብሪታንያም ይህ ሐሳብ ነበር፤ በኋላ የጠንካራ ብሬግዚት ፊታውራሪ የሆኑት ጄከብ ሪስ ሞግ በ2011 ፓርላማ ውስጥ ሁለት ሕዝበ ውሳኔ ቢደረግ፣ ሁለተኛው ከድርድሩ በኋላ ቢሆን ያስኬዳል ብለው ነበር።

ሁለተኛው ሕዝበ ውሳኔ ሳይመጣ ዲሴምበር 12 ቀን 2019 ጠቅላላ ምርጫ መጣ። ቦሪስ ጆንሰን በ43.6 በመቶ ድምፅ 365 ወንበር ይዘው በጃንዋሪ 31 ቀን 2020 አገሪቱን አስወጡ። ድጋሚ ሕዝበ ውሳኔን ወይም ጭራሹን መቆየትን የደገፉት ፓርቲዎች ድምፅ ቢደመር ከግማሽ በጥቂቱ ይበልጥ ነበር፤ ግን ተከፋፍሎ ነበርና ወንበር አልሆነም።

እዚያው ብሪታንያ ውስጥ ደግሞ ለድጋሚ ጥያቄ የተጻፈ ሕግ አለ። ሰሜን አየርላንድ ከአየርላንድ ጋር ትዋሐድ ወይ በሚለው ላይ ሕዝበ ውሳኔ ቢደረግና ቢወድቅ፣ በ1998ቱ ሕግ መሠረት ሰባት ዓመት ሳይሞላ አይደገምም። ስኮትላንድ እንዲህ ያለ ሕግ የላትም። በ2014 በ55 ለ45 በብሪታንያ ሥር መቆየትን መረጠች፤ በቅስቀሳው ጊዜ በትውልድ አንዴ የሚመጣ ዕድል ነው ይባል ነበር፣ ግን በቃል እንጂ በሕግ አልተጻፈም። ከሁለት ዓመት በኋላ 62 በመቶዋ በአውሮፓ ሕብረት እንቆይ ብሎ ሳለ አብራ ወጣች። የስኮትላንድ መንግሥት ሁኔታው ተለውጧልና እንጠየቅ ይላል፤ ሎንዶን ገና ነው ትላለች። ኖቬምበር 2022 ላይ የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የስኮትላንድ ፓርላማ በራሱ ሥልጣን ሕዝበ ውሳኔ ሊጠራ አይችልም ብሎ ፈረደ። ስንት ዓመት ሲሞላ ይቻላል የሚለውን ግን ማንም አልጠየቀውም፣ እሱም አልመለሰም።