የሶፍትዌር ቅጂና የግዕዝ ፊደል

የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። በመሆኑም በአሶሳ ደብዳቤ የሚያዘጋጅ የቢሮ ጸሐፊም ሆነ ፈተና የሚያወጣ መምህር የግዕዝ ፊደል መጻፊያ ሶፍትዌር ያስፈልገዋል። እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያሉት መጻፊያዎች የአገር ልጆች ያዘጋጇቸው የንግድ ሥራዎች ናቸው። ሆኖም እንደ ሌላው የአገራችን ክፍል ሁሉ፣ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የተዛመቱት በአብዛኛው ያለ ፈቃድ በሲዲና በፍላሽ ዲስክ እየተገለበጡ ነው። ሰጪውም ተቀባዩም ድርጊቱን እንደ ነውር አይቆጥሩትም።

የተለመደው መከራከሪያ «ቀዳሁ እንጂ አልወሰድኩም» የሚል ነው። በእርግጥ ከክልሉ የእብነ በረድ ካባ አንድ ድንጋይ ቢነሣ ካባው ይጎድላል፤ ሶፍትዌር ቢገለበጥ ግን ባለቤቱ ዘንድ ያለው አይጎድልም። (ለፊዚክስ ተማሪዎች፦ ሮልፍ ላንዳወር በ1961 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ በመርህ ደረጃ የግድ ኢነርጂ የሚያስወጣው መረጃን መደምሰስ እንጂ በባዶ ማኅደር ላይ መገልበጥ አይደለም።) ይሁን እንጂ ሁለተኛው ቅጂ በነፃ ስለተገኘ የመጀመሪያው በነፃ ተሠራ ማለት አይደለም። የባለሙያዎች የዓመታት ድካም ያለው በመጀመሪያው ውስጥ ነው።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁ ሥራዎች መካከል ይቆጥራል። አንድ ግለሰብ የታተመን ሥራ ለግሉ አንድ ቅጂ እንዲያባዛ የሚፈቅደው ድንጋጌም ፕሮግራምን አይጨምርም፤ ለፕሮግራም የተፈቀደው ሕጋዊው ባለቤት የሚይዘው የመጠባበቂያ ቅጂ ነው። ብዙዎቻችን ልብ የማንለው ሌላም ነገር አለ። አዋጁ በቅድሚያ የሚጠብቀው የኢትዮጵያውያንን፣ መደበኛ መኖሪያቸው በኢትዮጵያ የሆነ አመንጪዎችን እንዲሁም በአገራችን መጀመሪያ የታተሙ ሥራዎችን ነው፤ የውጭው ሥራ የሚጠበቀው አገራችን በተቀበለቻቸው ስምምነቶች መጠን ነው። እንግዲህ ሰው ሁሉ ስለ ማይክሮሶፍት ሲከራከር፣ ሕጉ ከለላ የሰጠው የቅርቡ ባለሙያ ይረሳል።

የተማሪውን ችግር ግን አናቃልልም። እንደ ማትላብ ያለው ሶፍትዌር ለተማሪ በቅናሽ ቢቀርብም፣ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈልበት መንገድ ለአሶሳ ተማሪ ጠባብ ነው። በእኛ እምነት ትልቁ ኃላፊነት ያለ ፈቃድ በተጫነ ፕሮግራም ላይ ኮርስ በሚሰጥ መምህር ላይ ይወድቃል፤ ተማሪውን ምርጫ ያሳጣዋልና። ኦክታቭ ለማትላብ ቅርብ በሆነ ቋንቋ የሚሠራ ነፃ ፕሮግራም ነው፤ ለመጀመሪያ ዲግሪ የፊዚክስ ስሌት ይበቃል። ነፃ ፕሮግራሞችም ቢሆኑ ውላቸው የቆመው በዚሁ የቅጂ መብት ላይ ነው።

በግዕዝ ፊደል ረገድ ሰበቡ እየጠፋ መጥቷል። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ተካቷል፤ በ2007 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም የአማርኛ መጻፊያ ይዞ መጥቷል። አቢሲኒካን የመሰሉ የፊደል ቅርጾች ደግሞ በነፃ ይታደላሉ።

ያልተሠራው ሥራ ግን ብዙ ነው። ለበርታ፣ ለጉሙዝና ለሺናሻ የሚሆን የፊደል ማረሚያ ለንግድ የሚያዘጋጅ ሰው ቢነሣ ገዢዎቹ እጅግ ጥቂት ናቸው፤ አንድ ፍላሽ ዲስክ በአሶሳ ቢሮዎች ቢዞር ገበያው በሳምንት ያልቃል። በነፃ ለማዘጋጀት ለሚሻ ግን መንገዱ ክፍት ነው። ሐንስፔል የተባለው ነፃ ማረሚያ የቃላት ዝርዝርና የእርባታ ሕግ ከተሰጠው በሌላም ቋንቋ ይሠራል፤ ዝርዝሩን የሚያዘጋጀው ደግሞ ቋንቋውን የሚያውቅ ተማሪ ሊሆን ይችላል።