በመርፌ የገባውም ጨጓራ ይደርሳል

ወገቡን ይዞ የመጣ ሰው «ጨጓራ አለብህ?» ሲባል «አለብኝ፣ ክኒን አልችልም» ይላል። መልሱ ዝግጁ ነው፦ «እንግዲያው በመርፌ እናድርግልህ፣ መርፌ ጨጓራ አይነካም።» ዲክሎፌናክ 75 ሚሊግራም ከአምፑሉ ይቀዳል፣ መቀመጫው ላይ ይወጋል፣ ታማሚው አመስግኖ ይሄዳል። የወጋችውም ነርስ ጨጓራውን ያዳነችለት ይመስላታል። ነርሲንግ የምትማሩ ልጆች ይህን ንግግር ገና ዋርድ እንደረገጣችሁ ትሰሙታላችሁ፤ ያውም ከታማሚ ሳይሆን ጋዋን ከለበሰ ባለሙያ። ስህተት ነው። ይበልጥ የሚያናድደኝ ደግሞ ስህተቱ ጥንቃቄ መስሎ መቅረቡ ነው።

ዲክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌን፣ አስፕሪንና ዘመዶቻቸው ሕመም የሚያስታግሱት ኮክስ የሚባለውን ኢንዛይም በማገድ ነው። ይህ ኢንዛይም ፕሮስታግላንዲን ያመርታል። ፕሮስታግላንዲን በተጎዳ አካል ላይ እብጠትና ሕመም ያባብሳል፤ ጨጓራ ውስጥ ግን ጠባቂ ነው። ግድግዳውን ከአሲድ የሚከልለው ዝልግልግ ሽፋንና አሲዱን የሚያለዝበው ባይካርቦኔት እንዲመነጩ ያደርጋል፣ ለግድግዳው የሚደርሰው ደምም እንዳይቀንስ ይረዳል። የእነዚህን መድኃኒቶች አሠራር እንግሊዛዊው ጆን ቬን እ.ኤ.አ. በ1971 አሳይቷል፤ በ1982ም ከሁለት ስዊድናውያን ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ታዲያ ጡንቻ ላይ የተወጋው ዲክሎፌናክ ከጡንቻው ወደ ደም ይገባል፣ ደሙም ጨጓራን ይዞረዋል። በደም ሥር ቢሰጥ ያው ነው። በፊንጢጣ ቢሰጥም ያው።

እምነቱ ከሜዳ የተነሣ አይደለም። ክኒን በባዶ ሆድ ሲዋጥ ግድግዳውን በቀጥታ ነክቶ ሊያቃጥል ይችላል፣ መርፌ ይህን ያስቀራል። ስለዚህ ታማሚው «መርፌው ተስማማኝ» ሲል አይዋሽም። ነገር ግን መቃጠልና መቁሰል ይለያያሉ። በእነዚህ መድኃኒቶች ጨጓራው የቆሰለ ሰው ምንም ሳያመው ሊቆይ ይችላል፤ የመጀመሪያው ምልክት ደም ማስመለስ ወይም ጥቁር፣ የሚያጣብቅ ሰገራ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሌላም ማስረጃ አለ። ብዙው የዲክሎፌናክ ክኒን ጨጓራ ውስጥ እንዳይሟሟ ተሸፍኖ የሚሠራ ነው። ጉዳዩ የመነካካት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሽፋኑ ቁስለትን ባስቀረ ነበር። አላስቀረም።

ለወገብና ለጉልበት ሕመም ከሰፈር ክሊኒክ ቀን በቀን «ዲክሎ» እየተወጉ የሰነበቱ፣ በመጨረሻ ደም እያስመለሱ ድንገተኛ ክፍል የገቡ ሰዎችን አይቻለሁ። ምን መድኃኒት ትወስዳላችሁ ሲባሉ «ምንም» ይላሉ፤ መርፌውን አይቆጥሩትም። ስለዚህ የታማሚ ታሪክ ስትወስዱ «ሰሞኑን መርፌስ ተወግተሃል?» የምትለውን ጥያቄ ለይታችሁ ጠይቁ። ዕድሜው የገፋ፣ ከዚህ በፊት የጨጓራ ቁስለት ወይም መድማት የነበረበት፣ ዋርፋሪን ወይም ፕሬድኒሶሎን የሚወስድ ሰው ከሆነ መርፌውን ከመቅዳታችሁ በፊት ላዘዘው ባለሙያ ንገሩ። ፓራሲታሞል ሊበቃው ይችላል። ዲክሎፌናኩ የግድ ካስፈለገም ኦሜፕራዞል አብሮ እንዲታዘዝ መጠየቅ ይቻላል። የኩላሊት ሕመምተኛንና ነፍሰ ጡርንም እዚሁ ላይ አስቡ፤ ፕሮስታግላንዲን ሥራው ጨጓራ ውስጥ ብቻ አይደለም።

በታማሚው አልፈርድም፤ የነገርነውን ነው የሚደግመው። ትዕግሥቴን የሚያስጨርሰኝ ኮክስን ለፈተና ሸምድዶ፣ መርፌ ክፍል ሲገባ የሚረሳው ባልደረባዬ ነው። ክኒን ብቻ አዞ የሚሸኝ ክሊኒክ ደንበኛ እንደሚሸሸው ስለሚያውቅ መርፌ የሚጨምረውም አለ፤ እሱስ ባያውቀው ይሻል ነበር። በር ላይ ሰልፍ ቆሞ አንዲት ነርስ ይህን ሁሉ ለማስረዳት ፋታ ታገኛለች ወይ? እጠራጠራለሁ። «እማማ፣ መርፌውም በደም ዞሮ ያንኑ ጨጓራዎን ያገኘዋል» ለማለት ግን ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

የዚህ እምነት እናት «መርፌ ከክኒን ይበልጣል» የሚለው ነው። እሱም የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ያውስ የሚባለውን የቆዳ ቁስል በብዙ አገሮች ሲያክሙ አንድ የፔኒሲሊን መርፌ ለዓመታት የቆየ ቁስል ያደርቅ ነበር። ይህን ያየ ሕዝብ መርፌን ቢያመልክ አይደንቅም። ዛሬም በመርፌ ብቻ የሚሆኑ መድኃኒቶች አሉ፦ ኢንሱሊን ቢዋጥ እንደ ማንኛውም ፕሮቲን ይፈጫል፣ ጀንታማይሲንና ሴፍትሪያክሶን ከአንጀት ወደ ደም በበቂ አይገቡም። ሜትሮኒዳዞል፣ ዶክሲሳይክሊንና ፍሉኮናዞል ግን ቢዋጡ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ወደ ደም ይገባሉ። መዋጥ ለሚችል፣ ለማያስመልስና አንጀቱ ለሚሠራ ሰው በደም ሥር መስጠቱ የሚጨምርለት ነገር እምብዛም የለም፤ ካኑላው የሚያመጣው ኢንፌክሽን ግን ሊተርፈው ይችላል። በከባድ ወባም ቢሆን አርቴሱኔት ሲጀመር፣ በ12ኛውና በ24ኛው ሰዓት ይሰጥና፣ ታማሚው መዋጥ ሲችል ሙሉ የሦስት ቀን ኮአርተም ይከተላል። «ተሽሎት ሳለ ለምን ወደ ክኒን አወረዳችሁት?» ብሎ የሚቆጣ አስታማሚ ያጋጥማችኋል፤ ወደ ክኒን የተሻገረው ስለተሻለው መሆኑን ንገሩት።

መርፌ ራሱም ጉዳት አለው። መቀመጫ ላይ ቦታውን የሳተ መርፌ ሳያቲክ ነርቭን ከነካ ሰውየው እግሩን እየጎተተ ሊቀር ይችላል። ለሕፃናት የጭን ፊት ለፊት ውጫዊ ጎን፣ ለአዋቂ የዳሌ ጎን ከነርቩ የራቁ ናቸው። በዳሌ ጎን መውጋት መጽሐፍ ላይ ተጽፎ ዋርድ ውስጥ ብዙም የማይታየው ለምን እንደሆነ መምህሮቻችሁን ብትጠይቁ ደስ ይለኛል።

«አምስቱን ትክክሎች ካረጋገጥኩ ሥራዬን ጨረስኩ» የሚለውም እዚህ ላይ ይፈተናል። ትክክለኛ ታማሚ፣ ትክክለኛ መድኃኒት፣ መጠን፣ መንገድ፣ ሰዓት። ጨጓራው ለደማ ሰው የታዘዘው ዲክሎፌናክ አምስቱንም ያልፋል፤ ካርዱ ላይ ከተጻፈው ጋር አንድም ልዩነት የለውም። «ለዚህ ሰው ለምን ታዘዘ?» የሚለውን አምስቱ አይጠይቁላችሁም።

ዋርድ ውስጥ የሚሰሙ የቀሩት የተሳሳቱ አባባሎች ብዙ ቦታ አይፈልጉም። «ግሉኮስ ያበረታል» ይባላል። አንድ ሊትር ባለ 5 በመቶ ግሉኮስ ውስጥ ያለው 50 ግራም ስኳር ነው፤ አሥር የሻይ ማንኪያ ገደማ። ኖርማል ሳላይን ደግሞ ውኃና ጨው ብቻ ነው። መብላት የሚችል ሰው ይብላ።

«መዋጥ ካቃተው ክኒኑን ፈጭቶ መስጠት ነው።» አንዳንዱን አዎ። ቀስ እያለ እንዲለቅ የተሠራ ኒፈዲፒን ከተፈጨ ግን ለብዙ ሰዓት የታሰበው መጠን በአንዴ ይለቀቅና የደም ግፊቱን ድንገት ያወርደዋል። የኦሜፕራዞል ካፕሱል ውስጥ ያሉት ፍሬዎችም ከተፈጩ መድኃኒቱን አሲዱ ያበላሸዋል።

«ከቁጥር ኋላ ዜሮ ቢጨመር ምን ይጎዳል?» 5.0 ነጥቧ ስትደበዝዝ 50 ይሆናል፤ .5 ደግሞ 5። ከነጥብ በፊት ዜሮ ይጻፍ፣ ከሙሉ ቁጥር ኋላ ነጥብና ዜሮ አይጻፍ። ኢንሱሊን ላይ «ዩኒት» የሚለው ቃል በሙሉ ይጻፍ፤ በእንግሊዝኛው ፊደል ብቻ ሲጻፍ እንደ ዜሮ ተነቦ አሥር እጥፍ የተሰጠበት ጊዜ አለ።

የመጨረሻው «ፖታሺየም ክሎራይድ ቀስ ተብሎ ከተገፋ ችግር የለውም» የሚለው ነው። በሲሪንጅ ወደ ደም ሥር አይገፋም፣ ቀስ ተብሎም ቢሆን፤ ልብ ያቆማል። ተበርዞ ይንጠባጠባል፣ ያለ ልብ መቆጣጠሪያ በተለመደው ዋርድ በሰዓት ከ10 ሚሊሞል ባይበልጥ ይመረጣል። አጨማመሩም ይታወቅ፦ የተሰቀለ ከረጢት ላይ ከታች ወግተው ጨምረው ካላገላበጡት ፖታሺየሙ ከታች ይከማችና መጀመሪያ የሚወርደው እሱ ይሆናል። ከረጢቱ ይውረድ፣ ይጨመርበት፣ ደጋግሞ ይገላበጥ፣ ምን ያህል እንደተጨመረበት ይጻፍበት፣ ከዚያ ይሰቀል።