አድልዎን መዝገብ ያጋልጠዋል

አንድ መሥሪያ ቤት «እኛ ሰው ከሰው አንለይም» ቢል እውነቱ በምን ይታወቃል? ቃሉን ማመን ይቀላል፤ ዳሩ ግን መዝገቡን መግለጥ ይሻላል። ለዚህም ሰሜን አየርላንድ ጥሩ ምሳሌ ናት።

በዚያ ፕሮቴስታንቶችና ካቶሊኮች ለብዙ ዘመን ተቃቅረው ኖረዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1976 የወጣው ሕግ በሥራ ቅጥር በሃይማኖት ማዳላትን ከለከለ። ይሁን እንጂ ክልከላው ብቻውን ብዙ አልፈየደም፤ የካቶሊክ ወንዶች ሥራ አጥነት ከፕሮቴስታንቶቹ ከእጥፍ በላይ እንደ ሆነ ቈየ።

ስለዚህ በ1989 ሌላ ሕግ ታወጀ። ይኸውም በመጀመሪያ ከ25፣ ኋላም ከ10 በላይ ሠራተኞች ያሉት ድርጅት ሁሉ የሁለቱን ወገን ሠራተኞች ቈጥሮ በየዓመቱ እንዲያስታውቅ፣ ቢያንስ በየሦስት ዓመቱም የቅጥርና የዕድገት አሠራሩን እንዲመረምር አስገደደ። ሃይማኖቱን ያልተናገረ ሠራተኛ ቢኖር የተማረበት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይታያል፤ የሁለቱ ወገን ልጆች በአብዛኛው ተለያይተው ይማራሉና።

በ1990 ከተቈጠሩት ሠራተኞች ካቶሊኮች ከመቶ 35 ያህል ነበሩ፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ግማሽ ያህል ሆኑ። ምስጋናው የሕጉ ብቻ አይደለም፤ የሕዝቡም ቁጥርና ትምህርት ተለውጧል።

ቁጥር ጥያቄ ያስነሣል እንጂ ራሱ ፍርድ አይሰጥም። አመልካች ካልመጣ፣ ማስታወቂያው የት ተለጠፈ? መጥቶ ካልተቀጠረ፣ ፈተናውን ማን አወጣ? ተቀጥሮ ካላደገ፣ አለቃው በምን መዘነው?

እንግዲህ ነገ ቀጣሪ የምትሆኑ ወጣቶች ሆይ፣ ችሎታን ዝቅ አድርጉ የሚላችሁ የለም። ችሎታ ያለው ሰው ከደጅ እንዳይቀር መዝገባችሁን ተመልከቱ።